«ምን አደረገሽ?» ሲሉኝ ምን ልበል? በካምፓስ ውስጥ ስለ ማሳደድ የተላኩልን አምስት ጥያቄዎች

በዚህ እትም የአንባብያን ጥያቄ ዓምዳችንን ለአንድ ጉዳይ ብቻ ሰጥተነዋል። በቅርቡ ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል አምስቱ፣ ጸሐፊዎቻቸው እርስ በርስ የማይተዋወቁ ቢሆኑም፣ በኮሌጅና በዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ አንድ ሰው ሌላውን ያለ ፈቃዱ ደጋግሞ ስለሚከታተልበትና ስለሚያስጨንቅበት ድርጊት ይጠይቃሉ። የጸሐፊዎቹን ማንነት ሊያሳውቅ የሚችል ዝርዝር ሁሉ ከደብዳቤዎቹ ወጥቷል። በመልሶቹ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታትና ቀናት እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ክብርት አማካሪ፣ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ባለፈው ሴሚስተር በቡድን ሥራ አብሮኝ የነበረ ልጅ የፍቅር ጥያቄ አቀረበልኝ፤ እኔም በትህትና እንደማልፈልግ ነገርኩት። ከዚያ ወዲህ ከክፍል ስወጣ በር ላይ አገኘዋለሁ፤ ላይብረሪ ስገባ ፊት ለፊቴ መጥቶ ይቀመጣል፤ ዶርሜ በር ሥር ቸኮሌትና ደብዳቤ ይተዋል። ብሎክ ሳደርገው በሌላ አካውንት ይመጣል። አንድ ቀን «ዛሬ ሰማያዊው ሹራብ አምሮብሻል» የሚል መልእክት ላከልኝ፤ በዚያ ቀን ግን እኔ የትም አላየሁትም። ሰድቦኝ አያውቅም፤ ነክቶኝም አያውቅም። ጓደኞቼ «ይወድሻል እኮ፣ ምን አደረገሽ?» ይሉኛል። እኔ ግን የምሄድበትን መንገድ ቀይሬያለሁ፤ እንቅልፍም አጥቻለሁ። አጋንኜው ይሆን? ወይስ አንድ ጊዜ ቁጭ ብዬ በደንብ ባስረዳው ይተወኛል?

መልስ፦ እህቴ፣ አላጋነንሽም። የዘረዘርሻቸው ነገሮች አንድ በአንድ ሲታዩ ቀላል መምሰላቸው ነው ጓደኞችሽን ያሳሳታቸው። ላይብረሪ ውስጥ በፈለጉት ወንበር መቀመጥ የማንም ተማሪ መብት ነው፤ ቸኮሌት መስጠት ነውር አይደለም፤ ልብስ ማድነቅም አያስከስስም። ማሳደድ ግን በአብዛኛው የሚፈጸመው እንዲህ ባሉ ትናንሽ ድርጊቶች ነው፤ ክፋቱም እምቢታን ከሰሙ በኋላ በመደጋገማቸውና ሁሉም በአንድ ሰው ላይ በማነጣጠራቸው ይታወቃል። ጓደኞችሽ የሚያዩት የዛሬውን ቸኮሌት ብቻ ሲሆን አንቺ ግን ከሁሉም ጋር አብረሽ ታድሪያለሽ።

ሕግ አውጪዎችም ይህን እስኪረዱት ብዙ ጊዜ ወስዶባቸዋል። በአሜሪካ ማሳደድን ራሱን የቻለ ወንጀል ያደረገው የመጀመሪያው ሕግ በካሊፎርኒያ የወጣው በ1990 ነው፤ ጃፓን በ2000፣ ጀርመን በ2007፣ እንግሊዝና ዌልስ ደግሞ በ2012 የየራሳቸውን ድንጋጌ አውጥተዋል። የቃላቱ አቀራረጽ ከአገር አገር ይለያያል፤ በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች የሚሠራበት ትርጓሜ ግን ለአንቺ ጥያቄ በቀጥታ መልስ ይሰጣል። በዚያ መሠረት በአንድ ሰው ላይ ያነጣጠረና ሁለት ጊዜ ወይም ከዚያ በላይ የተፈጸመ ድርጊት፣ በተበዳዩ ቦታ ያለን ማንኛውንም አስተዋይ ሰው ለደኅንነቱ የሚያሰጋ ወይም ለከባድ ጭንቀት የሚዳርግ ከሆነ ማሳደድ ነው። መንካት፣ መሳደብ ወይም በግልጽ መዛት የግድ አያስፈልግም። እንዲህ ያለ ሕግ በሌለበት አገር እንኳ ዛቻን፣ ያለ ፈቃድ ወደ መኖሪያ መግባትን ወይም በስልክ ማስጨነቅን የሚከለክሉ ሌሎች ድንጋጌዎች ሊኖሩ ይችላሉ፤ ከዚህም በላይ የዩኒቨርሲቲሽን የተማሪዎች ሥነ ምግባር ደንብ ፈልገሽ አንብቢ፤ የዲሲፕሊን ኮሚቴ እርምጃ ለመውሰድ የወንጀል ፍርድ ቤት የሚጠይቀውን ያህል ማስረጃ ላይጠይቅ ይችላልና።

ከደብዳቤሽ ውስጥ እኔን ይበልጥ ያሳሰበኝ የሹራቡ መልእክት ነው። አንቺ በማታይኝ ቦታ ሆኜ አይሻለሁ የሚል ነገር በአድናቆት ተሸፍኖ ነው የደረሰሽ። የአካውንቱ መቀያየርም ብዙ ይናገራል፤ ብሎክ መደረጉ እምቢታ መሆኑን ተረድቷል፤ ተረድቶም አልፎታል። ይህ ልጅ መልእክትሽ ያልገባው ሰው አይደለም። ጓደኞችሽ ድርጊቱን የሚለኩት በእሱ ስሜት ነው፤ ይወዳታል ወይስ ይጠላታል ብለው። ይሁንና መለኪያው አንቺ ላይ የደረሰው ነው፤ መንገድ ቀይረሻል፣ እንቅልፍ አጥተሻል፣ ላይብረሪ የምትገቢው እየተሳቀቅሽ ነው።

ካምፓስ ለአሳዳጅ የተመቸ ቦታ መሆኑንም ማወቅ አለብሽ። የትምህርት ፕሮግራም ለሁሉም ይለጠፋል፤ ስለዚህ ማክሰኞ በአራት ሰዓት የት እንደምትሆኚ ማንም ያውቃል። የመመገቢያ ሰዓቱ አንድ ነው፤ የዶርሙ መግቢያ አንድ ነው፤ የክፍሉ የቴሌግራም ግሩፕ የሁሉንም ስልክ ቁጥር ሊያሳይ ይችላል፤ የጋራ ጓደኞችም ሳያስቡት ወሬ ያቀብላሉ። በአሜሪካ የተደረጉ አገር አቀፍ ጥናቶች ደጋግመው እንዳሳዩት ለዚህ ድርጊት ይበልጥ የሚጋለጡት ከ18 እስከ 24 ዓመት ያሉ ወጣቶች ሲሆኑ፣ አብዛኞቹ ተበዳዮችም አሳዳጃቸውን ቀድሞ የሚያውቁ ናቸው። ከጨለማ ብቅ የሚል የማይታወቅ ሰው ብቻ የሚጠብቅ ሰው፣ አብሮት አሳይንመንት የሠራውን አይጠረጥርም።

ቁጭ ብሎ ማስረዳትን በሚመለከት መልሴ ግልጽ ነው፤ አታድርጊው። የሚፈልገው ጊዜሽንና ትኩረትሽን ስለሆነ፣ ለማስረዳት ብለሽ ስትቀመጪ የፈለገውን ሰጥተሽዋል። ለሃያ መልእክት ዝም ብለሽ ለሃያ አንደኛው ስትመልሺ፣ መልስ ለማግኘት ሃያ አንድ ጊዜ መጻፍ እንደሚያስፈልግ አስተማርሽው ማለት ነው፤ አልፎ አልፎ ብቻ የሚሸለም ልማድ ለመጥፋት እጅግ አስቸጋሪ መሆኑን የሥነ ልቦና ባለሙያዎች ካረጋገጡ ቆይተዋል። የመጀመሪያው እምቢታሽ «አሁን ትምህርቴ ላይ ነኝ» ዓይነት ለስላሳ ከነበረ፣ አንድ ጊዜ ብቻ በጽሑፍ እንዲህ በይው፦ «ከአንተ ጋር ምንም ዓይነት ግንኙነት አልፈልግም። ከዛሬ ጀምሮ አትጻፍልኝ፣ አትከተለኝ፣ ወደ ዶርሜ አትምጣ።» ምክንያት አትጨምሪበት፤ ምክንያት ክርክር ይጋብዛል። ይቅርታም ስድብም አይኑርበት። ከዚያ በኋላ ፈጽሞ አትመልሺ። ነገር ግን ዝቶብሽ የሚያውቅ ከሆነ ይህቺን መልእክት እንኳ ከመላክሽ በፊት ከሚመለከተው ክፍል ጋር ተማከሪ። ወንድሞችሽን ወይም የክፍል ልጆችን ልከሽ ማስፈራራትም መፍትሔ አይደለም፤ ነገሩን ያባብሳል፣ አንቺንም ተከሳሽ ሊያደርግሽ ይችላል።

አሁን ዛሬ ማታ የምትጀምሪው ሥራ አለ፤ አንድ ደብተር ያዢ። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ቦታውን፣ የሆነውን ነገር፣ ማን እንዳየና አንቺ ምን እንዳደረግሽ ጻፊ። ያለፈውንም የምታስታውሺውን ያህል መልሰሽ መዝግቢ። የመልእክቶቹን ስክሪንሾት ስትወስጂ የላኪው አካውንት ስምና ቀኑ መታየታቸውን አረጋግጪ፤ ዋናዎቹን አታጥፊ፤ ቅጂውን ለምታምኛት ሰው ላኪ። ደብዳቤና ስጦታ ሲመጣ አትመልሺለት፣ አትጣይውም፤ ፎቶ አንሥተሽ ቀን ጽፈሽ አስቀምጪ። መልእክቶቹን ማንበብ የሚረብሽሽ ከሆነ የቅርብ ጓደኛሽ እያየች እንድትመዘግብልሽ ማድረግ ትችያለሽ። በዲን ቢሮ ውስጥ «ሁልጊዜ ይከተለኛል» የሚል አቤቱታ «እስኪ ምሳሌ ስጪኝ» የሚል መልስ ይገጥመዋል፤ ያን ጊዜ አንድ ቸኮሌት ብቻ ብትጠቅሺ ይሳቅብሽ ይሆናል። ቀንና ምስክር ያለበት ሁለት ገጽ መዝገብ ሲቀርብ ግን አንቺን ሲያስጨንቅ የኖረው ሙሉ ሥዕል በሌላው ሰው ዓይን ፊት ይቆማል። በዚህ ጉዳይ ከዚህ የሚበልጥ መሣሪያ አላውቅም።

መዝገቡን ይዘሽ ወደ ተማሪዎች ዲን ጽሕፈት ቤት፣ ወደ ዶርም ኃላፊዋና ወደ ካምፓስ ጥበቃ ሂዲ፤ ብቻሽን አትሂጂ። «አንድ ነገር አድርጉልኝ» ከማለት ይልቅ የምትፈልጊውን ለይተሽ ጠይቂ፤ እንዳያገኝሽና እንዳይጽፍልሽ የሚከለክል የጽሑፍ ትእዛዝ፣ የሴክሽን ለውጥ ካስፈለገ የሚቀየረው እሱ እንዲሆን፣ ማታ ከላይብረሪ ስትወጪ የሚሸኝሽ ጥበቃ፣ ሬጅስትራርም ሆነ ትምህርት ክፍሉ ስለ አንቺ ለማንም መረጃ እንዳይሰጥ። አብረውሽ ለሚያድሩት ልጆችም ንገሪያቸው፤ የት እንዳለሽ ሲጠይቃቸው «አላውቅም» እንዲሉ ብቻ ሳይሆን መጠየቁንም እንዲነግሩሽ። ሲከተልሽ ካየሽ ወደ ክፍልሽ አትሂጂ፤ ሰው ወዳለበት ወይም ወደ ጥበቃ ቤት ሂጂ። ከዛተ፣ የጦር መሣሪያ ከጠቀሰ፣ ወደ ክፍልሽ ከገባ፣ ከነካሽ ወይም «ያለ አንቺ አልኖርም» ማለት ከጀመረ ግን የዲኑን ስብሰባ አትጠብቂ፤ በዚያው ሰዓት ለፖሊስ አመልክቺ።

ጥያቄ፦ ወንድ ተማሪ ነኝ። አንዲት ልጅ ለወራት እየተከታተለችኝ፣ ለቤተሰቦቼ ሳይቀር እየደወለች፣ ከእኔ ጋር የታየችን ሴት ሁሉ እየሰደበች ታስቸግረኛለች። ለጓደኞቼ ስነግራቸው ይስቃሉ። ወንድ ልጅ በዚህ ጉዳይ አቤት ይላል?

መልስ፦ ይላል ወንድሜ፤ ሊልም ይገባዋል። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል ባደረገው አገር አቀፍ ጥናት መሠረት በዕድሜያቸው አንድ ጊዜ ማሳደድ የደረሰባቸው ከሦስት ሴቶች አንዷ ገደማ ሲሆኑ፣ ከስድስት ወንዶችም አንዱ ገደማ ናቸው። የሚስቁብህ ሰዎች ይህን ስለማያውቁ ነው። ከላይ ለእህታችን የተሰጠው ምክር፣ ማለትም አንድ ግልጽ እምቢታ፣ ከዚያ በኋላ ዝምታ፣ መዝገብ፣ ለዲን ማመልከት፣ ሳይቀነስ ለአንተም ይሠራል። ለአንተ የምጨምረው ሁለት ነገር ነው። ቤተሰቦችህ ስልኳን እንዳያነሡና የደወለችበትን ሰዓት እንዲጽፉ ንገራቸው። በቁጣ እንዳትገፋት ወይም እንዳትሰድባትም ራስህን ጠብቅ፤ አንድ ጊዜ እጅህን ካነሣህ ለወራት የደረሰብህን በደል የሚሰማህ አታገኝም።

ጥያቄ፦ ከአንድ ዓመት በላይ አብሮኝ ከቆየ የወንድ ጓደኛዬ ጋር ተለያይተናል። እሱ ሌላ ግቢ ውስጥ ነው የሚማረው፤ ነገር ግን የት እንደዋልኩ፣ ከማን ጋር እንደተቀመጥኩ ሁሉ ያውቃል። ለጓደኛዬ ብቻ የጻፍኩትን ነገር እንኳ መልሶ ነገረኝ። ስልኬ ውስጥ የሆነ ነገር ያስገባ ይመስለኛል። ሙሉ በሙሉ ባጠፋውና እንደ አዲስ ብከፍተው ይሻላል?

መልስ፦ እህቴ፣ ወደ ስልኩ ከመሄዳችን በፊት አንድ ከባድ ነገር ልንገርሽ፤ ላስፈራራሽ ብዬ አይደለም፣ ጥንቃቄሽ ልክ እንዲኖረው ነው። ተበዳዮችን ወደ ከፋ አደጋ የሚያደርሰው ማሳደድ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከቀድሞ የፍቅር ጓደኛ ነው። በ1999 በአሜሪካ ታትሞ በወጣ ጥናት፣ በቅርብ ወይም በቀድሞ የፍቅር አጋራቸው ከተገደሉት ሴቶች መካከል ከመቶው 76ቱ፣ ከመሞታቸው በፊት በነበረው አንድ ዓመት ውስጥ በዚያው ሰው ሲሳደዱ እንደነበር ተገኝቷል። በዚያው ዓመት አውስትራሊያውያን የሥነ አእምሮ ሐኪሞች አሳዳጆችን በአምስት ሲከፍሉም፣ «የተተወ» ብለው የሰየሙት ወገን፣ ማለትም መለያየቱን መቀበል ያልቻለው፣ ሰፊውን ቦታ ይዟል። ስለዚህ ይህን ጉዳይ ብቻሽን አትያዢው፤ ለቤተሰብ፣ ለዩኒቨርሲቲውና ለፖሊስ ገና ከአሁኑ አሳውቂ።

ስልክሽን አሁኑኑ አታጥፊው። በመጀመሪያ ማስረጃው አብሮ ይጠፋል። ሁለተኛው ደግሞ ይበልጥ ያሳስባል፤ ሲያይሽ የኖረበት መስኮት በድንገት ሲዘጋበት በአካል ሊመጣ ይችላል። መጀመሪያ ማን ጋር እንደምታድሪና ማን እንደሚሸኝሽ አስቢ፤ ለእርዳታ ስትደውዪ ወይም ስትጽፊም እሱ ፈጽሞ ያልነካውን የሌላ ሰው ስልክ ወይም የላይብረሪ ኮምፒዩተር ተጠቀሚ።

ከዚያ በኋላ ፍተሻውን ከቀላሉ ጀምሪ፤ እኔ ከሰማኋቸው እንዲህ ካሉ ጉዳዮች መካከል ብዙዎቹ የተደበቀ የስለላ መተግበሪያ ሳያስፈልጋቸው የተፈጸሙ ናቸው። አብራችሁ በነበራችሁበት ጊዜ የጎግል ካርታ ወይም የስናፕቻት አካባቢ ማጋሪያ ከፍተሽለት ሳትዘጊው ቀርተሽ ሊሆን ይችላል። የይለፍ ቃልሽን ያውቀው ይሆናል። የጻፍሽውን ማንበቡ ደግሞ አካውንትሽ በእሱ ኮምፒዩተር ላይ ክፍት እንደሆነ ያስጠረጥራል፤ በቴሌግራም «ሴቲንግ» ውስጥ «ዲቫይስስ» የሚለውን፣ በዋትስአፕ ደግሞ «ሊንክድ ዲቫይስስ» የሚለውን ክፈቺ። የማታውቂው መሣሪያ ካገኘሽ መጀመሪያ ስክሪንሾት አንሺ፤ ከዚያ አስወጪው። የኢሜይልሽንም የይለፍ ቃል እሱ ባልነካው ስልክ ላይ ሆነሽ ቀይሪ፤ ሌሎቹ አካውንቶች ሁሉ የሚከፈቱት በኢሜይሉ በኩል ነውና። ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫ (ከይለፍ ቃሉ ሌላ ተጨማሪ ኮድ የሚጠይቀውን) ክፈቺ፤ «የመጀመሪያ ትምህርት ቤትሽ ማን ይባላል» የሚሉ ጥያቄዎችንም እሱ በማያውቀው መልስ ተኪያቸው። አይፎን የምትጠቀሚ ከሆነ ከ2022 ወዲህ «ሴፍቲ ቼክ» የሚባል፣ ማን ምን እንደሚያይ በአንድነት የሚያሳይና የሚያቋርጥ ክፍል አለው።

ቦርሳሽን፣ የጃኬትሽን ገበርና የምትጠቀሚበትን መኪና ወይም ብስክሌትም ፈትሺ። ኤርታግ የሚባለው ከሳንቲም ትንሽ የሚተልቅ መሣሪያ በ2021 ለገበያ የወጣው የጠፋ ቁልፍ ለመፈለግ ቢሆንም፣ ሰውን ለመከታተል ውሏል። አይፎን አብሮሽ የሚጓዝ የማታውቂው ኤርታግ ሲኖር ያስጠነቅቃል፤ ከ2023 ጀምሮም የአንድሮይድ ስልኮች ተመሳሳይ ማስጠንቀቂያ ይሰጣሉ። ብታገኚ አትስበሪው፤ ፎቶ አንሥተሽ በላዩ ያለውን መለያ ቁጥር ለፖሊስ ስጪ፤ አምራቹ ኩባንያ በሕጋዊ ጥያቄ መሣሪያው በማን አካውንት እንደተመዘገበ ማሳወቅ ይችላል። ከዚህ ሁሉ ፍተሻ በኋላም የሚያውቀው ነገር ካልቀነሰ፣ ወሬው በሰው በኩል እየደረሰው ሊሆን ይችላል፤ ለተለያዩ ሰዎች የምትናገሪውን ለተወሰነ ጊዜ መጥኚ። የሚያሳፍርሽን ፎቶ እለጥፋለሁ ብሎ ከዛተብሽ ደግሞ ገንዘብ አትክፈዪ፤ የከፈለ ሰው ደግሞ ይጠየቃል። ዛቻውን አስቀምጠሽ አመልክቺ፤ ጥፋቱም ኀፍረቱም የእሱ ነው።

ጥያቄ፦ አንዲት ልጅ ከልቤ እወዳለሁ። አንድ ጊዜ እምቢ ብላኛለች፤ ሴት ልጅ ግን መጀመሪያ እምቢ ማለቷ የተለመደ ነው። በምትሄድበት እየሄድኩ፣ ስጦታ እየላኩ፣ ልቧ እስኪራራ ለመጠበቅ ወስኛለሁ። አሁን ግን ሪፖርት አደርግሃለሁ አለችኝ። ፍቅር ወንጀል ሆነ እንዴ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ደብዳቤህን ከሌሎቹ እኩል አንብቤዋለሁ፤ ጠይቀህ መጻፍህም ጥሩ ነው። ማፍቀርህ ወንጀል አይደለም። እምቢ ካለችህ በኋላ በምትሄድበት መሄድህ ግን፣ አንተ በውስጥህ ምንም ስም ብትሰጠው፣ ለእሷ መታደን ነው። እምቢታ የመጀመሪያ ዙር ነው የሚለው ልማድ ብዙ ወጣቶችን አሳስቷል፤ በዘፈንም በፊልምም በሽማግሌ ወግም ሲወደስ ሰምተኸው አድገህ ይሆናል። ይሁን እንጂ እሺ ብላ ብትመልስልህ እንኳ፣ ከድካምና ከፍርሃት የመጣ እሺታ ምን ያደርግልሃል?

ከዛሬ ጀምሮ አትጻፍላት፤ የይቅርታ መልእክትም ቢሆን፣ በጓደኛዋ በኩልም ቢሆን አትላክ። ይህ ለአንተ የሚከብደው ክፍል መሆኑን አውቃለሁ፤ አንድ የመጨረሻ ቃል ተናግሮ መሰናበት ይፈለጋልና። እሷ ግን ያን የመጨረሻ ቃል ከቀደሙት መለየት አትችልም። የትምህርት ፕሮግራሟን የምታውቅ ከሆነ በዚያ ሰዓት ሌላ ቦታ ሁን፤ በአካውንቷ ውስጥ መመላለስህንም አቁም። አንድ ክፍል የምትማሩ ከሆነ ራቅ ብለህ ተቀመጥ፤ ከተቻለም ሴክሽን የምትቀይረው አንተ ሁን። ማቆም ካቃተህ፣ እሷን ካላየህ ቀኑ የማይመሽልህ ከሆነ፣ ወደ ዩኒቨርሲቲው የሥነ ልቦና አማካሪ ሂድ፤ ሐሳብህ እሷን ወይም ራስህን ወደ መጉዳት ካዘነበለ ደግሞ ዛሬውኑ ሂድ። ሪፖርት ብታደርግ መብቷ ነው፤ እንዳታደርግ ለመለመን ብለህም አትቅረባት።

ጥያቄ፦ በዩኒቨርሲቲ መምህር ነኝ። አንዲት ተማሪዬ አንድ ሰው እያሳደዳት መሆኑን ነግራኝ ወደሚመለከተው ቢሮ ወሰድኳት። «የተጨበጠ ነገር ሲኖር ተመለሺ» ተባለች። ከዚህ በላይ የእኔ ድርሻ ምንድን ነው? የግል ጉዳይ ውስጥ እንዳልገባም እሰጋለሁ።

መልስ፦ ውድ መምህር፣ ለእርስዎ የምመልሰው በሁለት በሚታወቁ ታሪኮች ነው። በ1969 በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌይ አንድ ተማሪ ፍቅሩን ያልተቀበለችውን ወጣት እንደሚገድል ለግቢው የሥነ ልቦና ባለሙያ ተናገረ። ባለሙያው ለካምፓስ ፖሊስ አስታወቀ፤ ፖሊሶቹ ይዘው ጠየቁት፤ የተረጋጋ ስለመሰላቸውና እንደማይቀርባት ቃል ስለገባ ለቀቁት። ለወጣቷም ሆነ ለቤተሰቧ የነገረ ሰው አልነበረም፤ በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ ገደላት። የካሊፎርኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1976 በሰጠው ውሳኔ፣ የሥነ ልቦና ሐኪም ታካሚው በሌላ ሰው ላይ ከባድ አደጋ እንደሚያደርስ ካወቀ ያን ሰው ለመጠበቅ ተገቢውን እርምጃ የመውሰድ ግዴታ እንዳለበት ወሰነ።

ሁለተኛው ከግማሽ ምዕተ ዓመት ገደማ በኋላ የሆነ ነው። በ2018 በዩታ ዩኒቨርሲቲ የምትማር ወጣት፣ ስሙን፣ ዕድሜውንና የወንጀል ታሪኩን ደብቆ ቀርቧት የነበረ ሰው ከተለየችው በኋላ እንደሚያስጨንቃትና በፎቶ እያስፈራራ ገንዘብ እንደተቀበላት ለካምፓስ ፖሊስ ደጋግማ አመልክታ ነበር። ጓደኞቿም ከዚያ ቀደም ብለው ስጋታቸውን ለዶርም ሠራተኞች ተናግረው ነበር። ሰውየው በአመክሮ የተፈታ መሆኑን በወቅቱ አጣርቶ ያገናኘ የለም፤ ጥቅምት 22 ቀን በግቢው ውስጥ ገደላት። ዩኒቨርሲቲው በ2020 ሞቷን መከላከል ይቻል እንደነበር አምኖ ከቤተሰቧ ጋር በ13.5 ሚሊዮን ዶላር ተስማማ።

በሁለቱም ታሪኮች መረጃው ነበረ፤ ነገር ግን አንዱ ጋ ያለው ከሌላው ጋ ካለው ጋር አልተገናኘም። ዶርም ኃላፊዋ አንድ ነገር ታውቃለች፤ ጥበቃው ሌላ ያያል፤ መምህሩ ተማሪዋ ከክፍል መቅረቷን ያስተውላል፤ እያንዳንዳቸው የያዙት ለየብቻው «የተጨበጠ» አይመስልም። የእርስዎ ድርሻ እዚህ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ። የሰሙትን በተማሪዋ ፈቃድ በጽሑፍ ለዲኑ ያቅርቡ፤ ቀን ያለበት ደብዳቤ በቃል ከተነገረ ነገር ይልቅ ለመጣል ይከብዳል። ዲኑ፣ ጥበቃው፣ የዶርም አስተዳደሩና የሥነ ልቦና አገልግሎቱ ስለዚህ ጉዳይ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ እንዲቀመጡ ይጠይቁ። በአሜሪካ ከ2013 የሕግ ማሻሻያ ወዲህ ኮሌጆች የማሳደድ ሪፖርቶችን ቆጥረው በየዓመቱ ይፋ እንዲያደርጉና ለተማሪዎች ትምህርት እንዲሰጡ ይገደዳሉ፤ ሌላም ዩኒቨርሲቲ ይህን በራሱ ደንብ ቢያስገባ የሚከለክለው የለም።

የግል ጉዳይ ስለ መግባት የጻፉትን በተመለከተ፣ ተማሪዋ ወደ እርስዎ የመጣችው ራሷ ናት። ያለ ፈቃዷ ለቤተሰቧ አይደውሉ፤ አሳዳጁንም ጠርተው አይምከሩት፤ ሁለቱን አስታርቃለሁ ብለው ፊት ለፊት ማስቀመጥ ደግሞ ከሁሉ የከፋ ነው። ሕይወቷ አደጋ ላይ ነው ብለው ካመኑ ግን ምስጢሩን ለሚመለከተው ክፍል እንደሚያሳውቁ አስቀድመው ይንገሯት። በክፍልዎ ውስጥ ሊያደርጉት የሚችሉትም አለ፤ የአቴንዳንስ ወረቀቱን በማይታይበት ያስቀምጡ፣ የቡድን ድልድሉን ይመልከቱ፣ ያመለጣትን ፈተና በሌላ ቀን ይስጧት። «የተጨበጠ ነገር ሲኖር ተመለሺ» ላሏት ቢሮም ከእሷ ጋር ይመለሱ፤ በዚህ ጊዜ የተመዘገበውን ሁሉ በቀን ቅደም ተከተል ይዘው፣ መቀበላቸውንም በፊርማ አስደርገው።